ሲነር ዋንጫውን አነሳ፤ ነጥቡ ግን ያው ነው

ሐምሌ 6 ቀን 2017፣ እሑድ። ውጭ ዝናቡ ያወርደዋል። እኔና አንድ ጓደኛዬ ሰፈር ካለች ካፌ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። ማታ 12 ሰዓት ላይ የዊምብልደን ፍጻሜ ሊጀምር ነው። ቴሌቪዥኑን ወደ ቴኒስ እንዲቀይርልን ባለቤቱን መለማመጥ ነበረብን። "የክለቦች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ 4 ሰዓት ነው፤ እስከዚያ እንደፈለጋችሁ" አለን። ቤቱ ቼልሲንና ፒኤስጂን በሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ቴኒሱን ከልብ የምናየው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ያኒክ ሲነር ካርሎስ አልካራዝን 4 ለ6፣ 6 ለ4፣ 6 ለ4፣ 6 ለ4 ረታው። እኔ ስልኬን አውጥቼ የደረጃ ሰንጠረዡን ስመለከት ጓደኛዬ አንገቱን አስግጎ አየ። አልካራዝ ስም አጠገብ ከዜሮ በታች 700 ይላል።

"ፍጻሜ ደርሶ ነጥብ ይቀነስበታል? ምን አጥፍቶ?"

"ምንም አላጠፋም። አምና አሸንፎ ነበር።"

ይሄኛው መልስ ጭራሽ ግራ አጋባው። ኳስ ሲያይ ያደገ ሰው ነው፤ አልፈርድበትም። ያን ቀን በደንብ ሳላስረዳው ቼልሲ ገባ፣ ወሬውም ተቀየረ። አሁን ጊዜ ወስጄ ልሞክረው። (ከዚህ በኋላ ዓመተ ምህረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ቴኒሱ የሚሄደው በእነሱ ካላንደር ነው።)

የእግር ኳስ ሊግ መነሻ አለው፣ መድረሻም አለው። ነሐሴ ላይ ሁሉም ከዜሮ ይነሳል፣ ግንቦት ላይ ሒሳብ ይዘጋል። የያዝከውን 3 ነጥብ ፌዴሬሽን ካልቀጣህ በቀር ማንም አይነካብህም። የቴኒስ ሰንጠረዥ ግን አይዘጋም። ሰኞ ሰኞ ይወጣል፤ እንደ ግራንድ ስላም ያሉ ረዘም ያሉ ውድድሮች ሲሆኑ ብቻ እስኪያልቁ ይጠብቃል። የሚያየውም ወደኋላ 52 ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያደረግከውን ነገር አያውቅልህም።

ስለዚህ ዊምብልደን ላይ ያገኘኸው ነጥብ የአንድ ዓመት ብድር ነው። ቀጣዩ ዊምብልደን ሲደርስ ትመልሰዋለህ። አልካራዝ በ2024 ሻምፒዮን ሆኖ 2,000 ነጥብ ይዞ ነበር። ያ 2,000 በ2025 ወደቀ። በቦታው ለፍጻሜ ተሸናፊ የሚሰጠው 1,300 ገባ። ልዩነቱ 700 ነው፣ ያውም በኪሳራ። ሲነር ደግሞ በ2024 ሩብ ፍጻሜ ላይ በዳኒል ሜድቬዴቭ ተሸንፎ ነበርና የሚመልሰው 400 ብቻ ነበር። 2,000 ሲያገኝ 1,600 ተረፈው።

በቴኒስ ቋንቋ ይህ "ነጥብ ማስጠበቅ" ይባላል። አባባሉ ትንሽ ያሳስታል። የሚጠበቅ ነገር የለም። ብታሸንፍም ብትሸነፍም የአምናው ነጥብ ይሄዳል። ማድረግ የምትችለው በቦታው ሌላ መተካት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ።

የውድድሮቹ ስም ራሱ ዋጋቸውን ይናገራል። 250 የሚባለው ለሻምፒዮኑ 250 ነጥብ ይሰጣል፣ 500ው 500፣ 1000ው 1,000። ከሁሉም በላይ አራቱ ግራንድ ስላሞች አሉ፤ አውስትራሊያን ኦፕን፣ የፈረንሳይ ኦፕን፣ ዊምብልደንና ዩኤስ ኦፕን። እነሱ 2,000 ይሰጣሉ። አንድ ሰው አንድ ግራንድ ስላም ቢያሸንፍ ስምንት 250 ካሸነፈ ሰው እኩል ነው ማለት ነው። ስምንት ዋንጫ፣ ስምንት ከተማ፣ ስምንት የአውሮፕላን ጉዞ።

በወንዶች ግራንድ ስላም አንደኛ ዙር የተሸነፈ 10 ነጥብ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛ ዙር የተሸነፈ 50፣ ሦስተኛ ዙር 100፣ አራተኛ ዙር 200፣ ሩብ ፍጻሜ 400፣ ግማሽ ፍጻሜ 800፣ ፍጻሜ 1,300፣ ዋንጫ 2,000። ከ50 ጀምሮ እስከ 800 ድረስ በእያንዳንዱ ዙር ድርብ እየሆነ ይወጣል። እንደዚያ ቢቀጥል የፍጻሜ ተሸናፊው 1,600፣ ሻምፒዮኑ 3,200 ባገኙ ነበር። እዚያ ላይ ግን ሆን ተብሎ ፍሬን ተይዟል።

የፍሬኑ ልክ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይነካካል። እስከ 2008 ሻምፒዮኑ 1,000፣ የፍጻሜ ተሸናፊው 700 ነበር የሚያገኙት፤ የሻምፒዮኑን 70 ከመቶ ማለት ነው። በ2009 ሻምፒዮኑ ወደ 2,000 ሲያድግ ተሸናፊው 1,200 ላይ ቆመ። ወደ 60 ከመቶ ወረደ። በ2024 ወንዶቹ 1,300 አደረጉት። ሴቶቹም 1,300 ነው የሚሰጡት፤ የእነሱ በታችኛው ዙር ለቀቅ ይላል። ሁለተኛ ዙር ላይ የተሸነፈች 70፣ አራተኛ ዙር ላይ 240 ታገኛለች። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ግን 780 ነው፣ ከወንዶቹ በ20 ያንሳል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ የአመለካከት ጉዳይ አለ። አንድ ጨዋታ፣ ማለትም የፍጻሜው ጨዋታ፣ 700 ነጥብ ያወጣል። የአንደኛ ዙር ድል 40 ነው የሚያወጣው። ሥርዓቱ ጥግ ድረስ መሄድን ይወዳል። በየሳምንቱ ሩብ ፍጻሜ እየደረሰ የሚመለሰውን ታታሪ ሰው ብዙም አይወደውም።

በሌላ በኩል ደግሞ ማንን እንዳሸነፍክ ግድ የለውም። የዓለም ቁጥር 1ን አንደኛ ዙር ላይ ጣልከው እንበል። በዚያው ዙር ከማጣሪያ የመጣውን ቁጥር 180 የጣለው ልጅ የሚያገኘውን ነው የምታገኘው። ተጋጣሚህ ታሞ ሳይመጣ ቀርቶ ብታልፍም ያው ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1990ዎቹ በወንዶቹ ሰንጠረዥ ትልቅ ስም ለጣለ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጥ ነበር። ቀርቷል። እኔ በበኩሌ ይናፍቀኛል። ሰኞ ጠዋት ካልኩሌተር ይዞ መቀመጥ ካልወደዱት ሰዎች ጋር ግን አልከራከርም።

ለኛ አገር አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ የሚመስለው በአትሌቲክስ ስለለመድን ይመስለኛል። አትሌት ሚኒማ ያሟላል ወይ አያሟላም። ሰዓቱ ይናገራል። የሮጠው አሰላም ይሁን ቫሌንሺያ፣ ሰዓት ሰዓት ነው። ቴኒስ ውስጥ ሰዓት የለም። ከሰው ጋር ብቻ ነው የምትለካው። ሰውየውን ደግሞ ዕጣ ነው የሚሰጥህ። ስለዚህ ያለው መለኪያ "ስንት በር አለፍክ" የሚል ብቻ ነው።

በር ስል የምሬን ነው። ሰንጠረዡ የተፈጠረው ማን ታላቅ እንደሆነ ለመፍረድ አልነበረም። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር ለማለት ነው። ከዚያ በፊት አዘጋጁ የወደደውን ይጋብዝ ነበር። ስም ያለው ይገባል፣ የማይታወቀው ውጭ ይቀራል። የወንዶቹ ማኅበር ኤቲፒ ነሐሴ 1973 ላይ የመጀመሪያውን የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ሲያወጣ ሩማኒያዊው ኢሊ ናስታሴ አንደኛ ሆነ። ሴቶቹ በኅዳር 1975 ተከተሉ፤ ክሪስ ኤቨርት መሪ ነበረች።

መጀመሪያ ላይ የወንዶቹ ቀመር አማካይ ነበር። ያገኘኸው ነጥብ ሲደመር፣ ለተጫወትክባቸው ውድድሮች ቁጥር ይካፈላል። ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም። ጥሩ አማካይ የያዘ ሰው ቤቱ ቁጭ ይላል፤ መጫወት አደጋ ነውና። ትኬት ሸጦ ኮከብ የሚጠብቅ አዘጋጅ በዚህ አይደሰትም። በ1990 ቀመሩ ተለወጠ፤ ከምርጥ ውጤቶችህ 14ቱ ብቻ ይደመሩልሃል ተባለ። መጥፎ ሳምንት ከዚያ በኋላ አልጎዳም። ስለዚህ ሁሉም ብዙ መጫወት ጀመረ። የዛሬው "ካላንደሩ ገደለን" የሚለው እሮሮ ሥሩ እዚያ ነው።

በ2025 የወንዶቹ ቁጥር 19 ነበር። አራቱ ግራንድ ስላሞች፣ ግዴታ የሆኑት ስምንቱ 1000 ውድድሮች፣ ከዚያ ከሌላው ምርጥ ሰባት። ግዴታ በሆነው ውድድር ሳትገኝ ብትቀር ዜሮ ይመዘገብብሃል። ዜሮውም ከ19ኙ አንዱን ቦታ ይዞ ይቀመጣል። በዕድሜና በአገልግሎት የገፉት ከዚህ ግዴታ እየተፈቱ ይሄዳሉ። በሴቶቹ በኩል የሚደመረው 18 ነው።

ይህ የ19 ጣሪያ ለላይኞቹ ትንሽ ነገር ነው። ለታችኞቹ ግን ግድግዳ ነው። ትንሽ ልቆይበት።

የሙያው መጨረሻ እርከን ኤም 15 ይባላል፤ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን አይቲኤፍ የሚመራው፣ አጠቃላይ ሽልማቱ 15,000 ዶላር የሆነ የአንድ ሳምንት ውድድር። የቱኒዝያዋ ሞናስቲር፣ የግብጿ ሻርም ኤል ሼክ፣ የቱርኳ አንታልያ ብዙ ሳምንት ተከታትለው ያዘጋጁታል። ልጆቹ በየሆቴሉ ሰፍረው፣ ማሰልጠኛ ሜዳ ተራ ጠብቀው፣ የራኬታቸውን ክር ወጪ እየቆጠሩ ይጫወታሉ። አንደኛ ዙር ከተሸነፍክ ዜሮ ነጥብ። አንድ ካሸነፍክ 1። ሩብ ፍጻሜ 2፣ ግማሽ ፍጻሜ 4፣ ፍጻሜ 8። ዋንጫውን ያነሳ 15 ነጥብ ያገኛል፤ ገንዘቡም ከ2,000 ዶላር ትንሽ ፈቅ ያለ ነው።

ሒሳቡን በ2025ቱ ቁጥር እንሥራው። አንድ ልጅ በዓመት ውስጥ 19 ጊዜ ኤም 15 አሸነፈ እንበል። ማንም አያደርገውም፤ ግን እንበል። 19 ሲባዛ በ15፣ 285 ነው። ሃያኛውን ቢያሸንፍ አይደመርለትም። ዓለም ላይ ከ100 ውስጥ ለመግባት ወደ 600 ነጥብ ገደማ ያስፈልጋል። እና ይህ ያልተሸነፈ ልጅ ግማሽ መንገድ እንኳ አልሄደም። እዚያው እያሸነፈ ይሰለቻል እንጂ አይወጣም። ወደ ቻሌንጀር፣ ማለትም ሻምፒዮኑ ከ50 እስከ 175 ነጥብ ወደሚያገኝበት እርከን መሻገር ግድ ይለዋል። እዚያ ለመግባት ደግሞ ነጥብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ላይ እንመልከት። በ2025 ዩኤስ ኦፕን አንደኛ ዙር ላይ የተሸነፈ ተጫዋች 110,000 ዶላር ተከፍሎታል። 10 ነጥብም አግኝቷል። አንዴ ቢያሸንፍ 50 ነጥብ ይሆንለት ነበር፤ ሦስት ኤም 15 ዋንጫ 45 ነው። ግራንድ ስላም ላይ ካሉት 128 ቦታዎች 104ቱ በሰንጠረዡ ቅደም ተከተል ይሞላሉ። 16ቱ በማጣሪያ፣ 8ቱ በአዘጋጁ ግብዣ። ቁጥር 95 የሆነ ሰው በዓመት አራት ጊዜ እንዲህ ያለ ገንዘብ ይወስዳል። ቁጥር 125 የሆነ ሰው ማጣሪያ ላይ ይፋጃል። በሁለቱ መካከል ያለው ችሎታ የጸጉር ስንጥቅ ያህል ነው። በነጥብ ቢሰላም አንድ ጥሩ ሳምንት ነው። ተጫዋቾች ስለ ነጥብ ሲያወሩ ድምፃቸው የሚለወጠው ለዚህ ነው። ነጥብ ደሞዝ ነው።

የብድሩን ክፉ ገጽታ ያየነው በኤማ ራዱካኑ ነው። በ2021 ዩኤስ ኦፕን ላይ የ18 ዓመቷ እንግሊዛዊት የዓለም 150ኛ ነበረች። ሦስት የማጣሪያ ጨዋታ፣ ሰባት የዋናው ውድድር ጨዋታ አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ማጣሪያውን ስላለፈች 40፣ ስላሸነፈች 2,000፤ ባንድ ጊዜ 2,040 ነጥብ። ሰኞ ጠዋት 23ኛ ሆና ተነሳች።

ዓመቱ ዞረ። ራዱካኑ 11ኛ ሆና ወደ ኒውዮርክ ተመለሰች። የያዘችው ነጥብ አብዛኛው ያ 2,040 ነው። አንደኛ ዙር ላይ በፈረንሳዊቷ አሊዜ ኮርኔ ተሸነፈች። 2,040 ወጣ፣ 10 ገባ። ሰንጠረዡ 83ኛ አደረጋት። በአንድ ጨዋታ 72 ደረጃ። ያ ሳምንት "ወደቀች፣ አበቃላት" የሚል ወሬ በዝቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ልጅቷ በዚያ ሰኞ ከቅዳሜው የባሰች ተጫዋች አልሆነችም። ዓመቱን ሙሉ በብድር ነጥብ ቆማ ነበር፤ ቀኑ ደርሶ መለሰች። 11ኛ የተባለችበት ጊዜ ነው የሚያሳስተው፣ 83ኛ የተባለችበት አይደለም።

ወደ ሲነርና አልካራዝ ልመለስ፤ 2025 ለዚህ ጨዋታ የተሰጠ ዓመት ነው። ሲነር በዓመቱ መጀመሪያ አውስትራሊያን ኦፕንን አሸነፈ። ከዚያ በተከለከለ ንጥረ ነገር ጉዳይ ከየካቲት እስከ ግንቦት መባቻ ሦስት ወር ታገደ። ውድድር ሳያደርግ ቁጥር 1 ሆኖ ቆየ። የነጥብ ትራሱ ወፍራም ነበር፣ ተቀናቃኞቹም ክፍተቱን አልተጠቀሙበትም። ብዙ ሰው ተናደደ። ሰንጠረዡ ግን ፍርድ ቤት አይደለም። የ52 ሳምንት ሒሳብ ይሠራል፣ በቃ።

ዩኤስ ኦፕን ሲደርስ ሲነር 11,480፣ አልካራዝ 9,590 ነጥብ ነበራቸው። ሰፊ ይመስላል። ግን የሚመልሱት ብድር አይመጣጠንም። ሲነር የአምናው ሻምፒዮን ስለሆነ 2,000 ይወድቅበታል። አልካራዝ አምና ሁለተኛ ዙር ላይ ስለተሰናበተ የሚመልሰው 50 ብቻ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን ፍጻሜ ላይ ሲገናኙ፣ ያሸነፈው ሰኞ ቁጥር 1 ይሆናል። አልካራዝ አሸነፈ። 9,590 ላይ 1,950 ተጨምሮ 11,540 ሆነ። ሲነር በ700 ወርዶ 10,780 ላይ ቆመ። ከዊምብልደኑ ሐምሌ ጋር ስታስተያየው ያው ትያትር ነው፤ ተዋንያኑ ቦታ ተለዋወጡ። የአምና ሻምፒዮን፣ የዘንድሮ ፍጻሜ ተሸናፊ፣ ከዜሮ በታች 700።

የበለጠ የገረመኝ ግን ጣሊያን፣ ቱሪን ላይ የሆነው ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ስምንቱ ምርጦች የሚገናኙበት የኤቲፒ ፍጻሜ ውድድር አለ። ነጥቡ በዙር ሳይሆን በድል ይቆጠራል። የምድብ ጨዋታ 200፣ ግማሽ ፍጻሜ 400፣ ፍጻሜ 500። ሳትሸነፍ ከጨረስክ 1,500። ሲነር በ2024 ይህንን ሙሉ 1,500 ወስዶ ነበር። በ2025 ኅዳር ላይ ከፓሪስ ድል በኋላ 11,500 ነጥብ ይዞ መሪ ሆኖ ወደ ቱሪን ሄደ። ውድድሩ ገና ሲጀመር የአምናው 1,500 ወደቀ፤ 10,000 ሆነ። አልካራዝ ከ11,250 ላይ የወደቀበት 200 ብቻ ነው፤ 11,050።

ከዚያ ሲነር ሁሉንም አሸነፈ። ፍጻሜ ላይም አልካራዝን ራሱን ረታው። 1,500 ነጥብ አገኘ። 10,000 ሲደመር 1,500 ስንት ነው? 11,500። ሲመጣ የነበረው ቁጥር። አንድም አልጨመረም፣ አንድም አልቀነሰ። አልካራዝ ደግሞ ከምድቡ ሦስት ጨዋታ፣ ከዚያ ግማሽ ፍጻሜውን አሸንፎ 1,000 ሰበሰበ። 12,050። ፍጻሜውን ተሸንፎ፣ ዋንጫውን ሌላ ሰው ሲያነሳ ቆሞ አይቶ፣ የዓመቱ መጨረሻ ቁጥር 1 ሆነ።

ለጓደኛዬ በቴሌግራም ላክሁለት። "እና ማን አሸነፈ?" አለኝ። ጥያቄው የሞኝ አይደለም። ለዚህም ነው ኤቲፒ ሌላ፣ በጥር ከዜሮ የሚነሳ የዓመቱን ብቻ የሚቆጥር ሰንጠረዥ ጎን ለጎን የሚያስኬደው። ለኳስ ተመልካች የሚገባው እሱ ነው፤ ወደ ቱሪን የሚሄዱት ስምንቱም በዋናነት የሚመረጡት በእሱ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱ ሰንጠረዦች ይገናኛሉ። ሌላ ጊዜ የተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት።

"ቁጥር 1" ማለት "ምርጥ" ማለት አይደለም የሚለውን ጉዳይ ሴቶቹ በ2009 በደንብ አሳይተውናል። ሩሲያዊቷ ዲናራ ሳፊና የዓለም ቁጥር 1 ነበረች። ግራንድ ስላም አሸንፋ አታውቅም። ሴሬና ዊሊያምስ ደግሞ የ2008ን ዩኤስ ኦፕን፣ የ2009ን አውስትራሊያን ኦፕንና ዊምብልደን ይዛለች። ከአራቱ ሦስቱ እጇ ላይ ነው፤ ግን ሁለተኛ ናት። ሳፊና በየሳምንቱ ትጫወታለች፣ ሮምንና ማድሪድን አሸንፋለች፣ ፍጻሜ ትደርሳለች። ሴሬና የምትመጣው ስትፈልግ ነው። ሰንጠረዡ የመጣውን ነው የሚቆጥረው። ለሳፊና ግን አዝኜላት ነበር። ያልሠራችው ጥፋት የለም፣ ሕጉን ያወጣችው እሷ አይደለችም፤ በየጋዜጣዊ መግለጫው ግን "ለምን አንደኛ ሆንሽ?" ተብላ ትጠየቅ ነበር።

ነጥብ የማይሰጥባቸው ነገሮችም አሉ። ኦሊምፒክ አንዱ ነው። በ2012 ለንደን ላይ በወንዶች ወርቅ 750 ነጥብ ያወጣ ነበር። ከ2016 ጀምሮ ዜሮ ነው። ኖቫክ ጆኮቪች በ2024 ፓሪስ ላይ ዕድሜውን ሙሉ የጎደለውን ወርቅ አግኝቶ ሜዳው ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ሰኞ ሰንጠረዡ አላየውም።

ዋናው ጉድ ግን የ2022ቱ ዊምብልደን ነው። ከዩክሬን ጦርነት በኋላ አዘጋጆቹ የሩሲያና የቤላሩስ ተጫዋቾችን አገዱ። ኤቲፒና የሴቶቹ ደብሊውቲኤ "ተጫዋች በዜግነቱ አይለይም" ብለው ነጥቡን ነፈጉ። ዋንጫ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ነጥብ የለም። የ2021 ነጥብ ግን በቀኑ ወደቀ። ጆኮቪች አሸንፎ ከ3ኛ ወደ 7ኛ ወረደ። ሮጀር ፌዴረር በጉዳት ላይ ነበር፤ የአምናው ሩብ ፍጻሜ ነጥቡ ሲወድቅ ምንም አልቀረውም። ወደ 25 ዓመት ገደማ የነበረበት ሰንጠረዥ ላይ ስሙ ጠፋ።

የሴቶቹን ዋንጫ የወሰደችው ለካዛክስታን የምትጫወተው፣ ሞስኮ የተወለደችው ኤሌና ሪባኪና ነበረች። 23ኛ ሆና ገባች፣ 23ኛ ሆና ወጣች። ስድስት ወር ቆይቶ አውስትራሊያን ኦፕን ላይ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ሜዳ 13 ላይ መደቡላት። የዊምብልደን ሻምፒዮን፣ ሜዳ 13! በውድድሩ የምትለየው በ22ኛ ተራ ቁጥር ነው። ተራ ቁጥሩ ቀልድ አይደለም፤ 32ቱ ባለ ተራ ቁጥሮች ቶሎ እንዳይገናኙ ዕጣው ይደለደላል። ከመጀመሪያዎቹ ስምንት ውስጥ ብትሆን የዓለም ቁጥር 1ን ኢጋ ሽቪዮንቴክን ከሩብ ፍጻሜ በፊት አታገኛትም ነበር። በ22ኛነቷ ግን አራተኛ ዙር ላይ ተገናኙ። ሪባኪና አሸነፈች፣ እስከ ፍጻሜ ሄዳ በአሪና ሳባሌንካ ተረታች። ነጥቡን በመንፈግ ማን ተቀጣ? ዊምብልደን? እኔ ሳየው ሽቪዮንቴክ ናት፤ በነገሩ እጇ የሌለበት ሰው።

የጉዳትን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ጥበቃ የሚደረግለት ደረጃ መጠየቅ ይችላል። በወንዶቹ በተጎዳ መጀመሪያ ሦስት ወር የነበረው አማካይ ይያዝለታል። በተወሰኑ ውድድሮች ላይ በዚያ ቁጥር መግባት ይችላል፤ ባለ ተራ ቁጥር ግን አያደርገውም። ስለዚህ ከጉዳት የሚመለስ ትልቅ ስም አንደኛ ዙር ላይ ከሌላ ትልቅ ስም ጋር ሲላተም የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ክርክሩ ያለው ነጥቡ ስንት ይሁን የሚለው ላይ ብቻ አይደለም። ማን ይስጠው የሚለውም ተነስቷል። ጆኮቪችና ካናዳዊው ቫሴክ ፖስፒሲል በ2020 የመሠረቱት የተጫዋቾች ማኅበር በመጋቢት 2025 ኤቲፒን፣ ደብሊውቲኤንና አይቲኤፍን ኒውዮርክ ላይ ከሰሰ። ጆኮቪች ራሱ ከከሳሾቹ ስም ዝርዝር ውስጥ የለም። ክሱ ከሚያነሳቸው ነገሮች አንዱ የነጥብ ሥርዓቱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ነጥብ የሚሰጠው ውድድሮቹን የሚመሩት ራሳቸው ናቸው። ያለ ነጥብ ግራንድ ስላም አይገባም። ስለዚህ አዲስ አዘጋጅ የፈለገውን ያህል ገንዘብ ቢይዝ ተጫዋቹን ከእነሱ ካላንደር ሊነጥቅ አይችልም።

ሪያድ ይህንን በተግባር ፈትናዋለች። በጥቅምት 2024 ስድስት ኮከቦችን ጠርታ ለአሸናፊው 6 ሚሊዮን ዶላር የሰጠች የወዳጅነት ውድድር አዘጋጀች። ሲነር ወሰደው። ከየትኛውም ግራንድ ስላም ዋንጫ የሚበልጥ ገንዘብ ነው፤ ነጥቡ ዜሮ። ቁጥር 1 ለሆነ ሰው ችግር የለውም፤ ነጥቡን ሌላ ቦታ ሞልቶ መጥቷል። ሞናስቲር ላለው ልጅ 6 ሚሊዮኑም ግብዣውም የለም፤ ያለው 15 ነጥብ ነው። ስለዚህ ከሳሾቹ "ነጥቡ እስር ቤት ነው" ሲሉ ግማሹን እቀበላለሁ። ግማሹን ግን አልቀበልም። ያ ሰንጠረዥ ባይኖር ያ ልጅ የአዘጋጅ ደጅ ሊጠና ነው፤ ከ1973 በፊት እንደነበረው።

ጓደኛዬ አሁን ቴኒስ ያያል። ያቺ ካፌ ውስጥ ባለቤቱን የሚለማመጠው እሱ ሆኗል። አንድ ትልቅ ስም ተሸነፈ ሲባል ማን አሸነፈው ብሎ መጠየቅ ትቷል። የሚጠይቀው፣ "አምና ስንት ነበረው?" ብሎ ነው።